የሸክላው ዓመት የትኛው ነው?

ተማሪ የነበረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በፈተና ዋዜማ ሌሊት በመኝታ ክፍል ውስጥ የሚነሣው ክርክር ስለ ፈተናው አይደለም። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ጊዜ ስላልሆነን የዚያ ጊዜ ሙግት ከጆሮአችን አልጠፋም። ከሁሉ ይልቅ ሳይፈታ የቀረው ጥያቄ፣ ከኢትዮጵያ የሶል፣ የጃዝና የፈንክ ሸክላዎች ውስጥ ምርጦቹ የወጡበት ዓመት የትኛው ነው? የሚለው ነበር። አንደኛው ጓደኛችን የምሕንድስና ተማሪ ስለ ነበረ ነገሩን በሠንጠረዥ ሊጨርሰው ሞከረ። ሌላው የታሪክ ተማሪ ስለ ነበረ፣ «ዓመቱን የምትቈጥሩት በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ሠንጠረዡን አበላሸበት። በዚህ መካከል መብራት ጠፋ፤ ክርክሩ ግን አልጠፋም።

ይህን አሮጌ ክርክር ዛሬ በሰንበት ገጻችን ላይ ለማንሣት ምክንያት የሆነን፣ ባለፈው የበዓል ሰሞን ወደ ትውልድ ከተማችን ወደ መርሳ ሄደን ሳለ የገጠመን ነገር ነው። ስለ እርሱ ከመናገራችን አስቀድሞ ግን ነገሩን ከሥሩ ማንሣት ይገባናል።

ዛሬ ሸክላ ሲባል ጀበናና ምጣድ ብቻ የሚታያቸው ወጣቶች አይጠፉም። አባቶቻችን ሸክላ የሚሉት ግን ዘፈን የተቀረጸበትን ያን ክብና ጥቁር ዝርግ ነገር ነው። የጥንቱ ዐይነት ከእጅ ሲወድቅ እንደ እንስራ ይሰባበር ስለ ነበር ስሙ ተስማምቶታል። በኋላ የመጣው፣ ከፕላስቲክ የተሠራው ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል፤ ስፋቱ 18 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ በአንዱ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በሌላው ገጽ ሌላ ዘፈን ይይዛል። ትልቁ ደግሞ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ እየዞረ በአንድ ገጹ ብቻ 20 ደቂቃ ያህል ያጫውታል። ይህን ቁጥር ያለ ምክንያት አላመጣነውም። በሠርግ ቤት ማሲንቆውን ይዞ እስኪነጋ ሊዘፍን የሚችለው አዝማሪ፣ ወደ ትንሹ ሸክላ ሲገባ ነገሩን ሁሉ በአራት በአምስት ደቂቃ እንዲጨርስ ተገደደ። ስለዚህ መግቢያው አጠረ፤ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ገና ከመነሻው አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘፋኙም ቶሎ ወደ ልቡ ነገር ገባ። ብዙ ሰው የዚያን ዘመን ዘፈን «ጉልበት አለው» ሲል ይሰማል፤ ከጉልበቱ ምንጮች አንዱ ይህ የጊዜ ጥበት ሳይሆን አይቀርም።

ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ማኅበሩ ግን በመብቱ እጅግ በጥቂቱ ነው የሠራበት። በዚያው ዘመን የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች የነሐስ መሣሪያ አዋቂዎችን ያፈሩ ነበር፤ አሥመራ ላይ ከነበረው ከቃኘው ጣቢያ የሚተላለፈው የአሜሪካኖች ሬዲዮ የሶልና የጃዝ ዘፈን ያሰማ ነበር፤ በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦችም ወጣቶች ሁለቱን አንድ ላይ እያፈሉ ይጠጡ ነበር። እንግዲህ ድምፁ ነበረ፤ ድምፁን የሚይዘው ዕቃ ግን አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1969 ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ያን የመብት አጥር ጥሶ ገባ። የመጀመሪያው ሸክላው የአለማየሁ እሸቴ ነበር። የተቀረጸው ቴፕ ወደ ሕንድ አገር ተልኮ፣ እዚያ በሸክላ ታትሞ ተመልሶ መጣ። ነገሩ ከፖሊስ ጣቢያ ይልቅ ወደ ገበያ አመራ፤ ሕዝቡ ተሻማበት። አምሃ ሬከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ፊሊፕስም ተከተለ፤ ቀጥሎ «ዓሊ ታንጎ» በሚል ስም የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋ የራሱን ሸክላዎች ማሳተም ጀመረ። ከ1969 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ውስጥ 500 ያህል ትንንሽ፣ 30 ያህል ደግሞ ትልልቅ ሸክላዎች እንደ ወጡ ይቈጠራል። ይህ ለአንድ ትልቅ አገር ብዙ አይደለም። ከዚያ ውስጥ የከሸፈው ማነሱ ነው የሚያስደንቀው።

ወደ ክርክሩ እንመለስ። አብዛኞቹ ጓደኞቻችን እ.ኤ.አ. 1972ን ነበር የሚመርጡት፤ ምርጫቸውም መሠረት አለው። በዚያ ዓመት በኒው ዮርክ ከተማ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው የሙላቱ አስታጥቄ ትልቅ ሸክላ ወጣ። ሙላቱ የጅማ ተወላጅ ነው፤ ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ አገር ቢላክ ሙዚቃን ይዞ ቀረ፤ ከለንደን ቦስተን ተሻግሮ በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። (የምሕንድስናው ጓደኛችን ይህን በሰማ ቁጥር ይተክዝ ነበር።) በዚህ ሸክላ ላይ ቪብራፎኑ፣ ፍሉቱና የላቲን አሜሪካ ከበሮዎች በኢትዮጵያ ቅኝት ሲጫወቱ ይሰማል። ቃል የለም። ቃል ባይኖርም ኢትዮጵያዊ መሆኑን ማንም ኢትዮጵያዊ በሦስተኛው ድምፅ ላይ ያውቀዋል።

በዚያው በ1972 ፊሊፕስ የጌታቸው መኩሪያን የሳክስፎን ሸክላ አወጣ። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም ስለ ሙላቱ ብዙ ተጽፎአል፤ ስለ ጌታቸው ግን በአገራችን ወጣቶች ዘንድ ገና በቂ አልተነገረም። ጌታቸው የይፋት ሰው ነው። በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ከነካካ በኋላ ሳክስፎንና ክላርኔት ያዘ፤ በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ ቀጥሎም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገለገለ። ይህ ሰው ያደረገው ነገር ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ሽለላን ከሰው አፍ አንሥቶ በሳክስፎን አፍ ላይ አኖረው። ሽለላ እንደሚታወቀው ጦረኛው ከዘመቻ በፊት ወይም ከድል በኋላ የሚፎክርበት ነው፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ መጨረሻው ላይ ጩኸትና ዝማሬ አይለዩም። ጌታቸው ይህን ሁሉ በመሣሪያው አደረገው፤ ወደ መድረክም ሲወጣ እንደ ጥንቱ አርበኛ የአንበሳ ጎፈር ይለብስ ነበር። ፈረንጆቹ ሸክላውን ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሰሙት፣ በ1960ዎቹ በአሜሪካ አገር ከወጣው ከነኦርኔት ኮልማን ነጻ ጃዝ ጋር አመሳሰሉት። ጌታቸው ግን ሽለላውን በሳክስፎን መጫወት የጀመረው ያ ጃዝ ገና ስም ሳይወጣለት ነው። ከ2004 ወዲህ «ዘ ኤክስ» ከሚባሉት የሆላንድ ሙዚቀኞች ጋር በአውሮፓ መድረኮች ተጫወተ፤ በ2016 ዐረፈ።

እንግዲህ የ1972 ወገኖች ማስረጃ ይህን ይመስላል። እኛ ግን የወሎ ልጅ በመሆናችን አንድ ነገር ይከነክነን ነበር።

የአገራችን ቅኝቶች አራት እንደሆኑ በትምህርት ቤት እንማራለን፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ የቦታ ስሞች ናቸው። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሐይቅን አልፎ ውጫሌ ሲደርስ አምባሰል ውስጥ ገብቶአል፤ ጥቂት ቢቀጥል ውርጌሳን አልፎ መርሳ ይደርስና ከፍራፍሬ ሻጮቹ ማንጎና ብርቱካን ይገዛል። ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ፣ ደገኛውና ቆለኛው ሰኞ ሰኞ የሚገናኙበት የገበያ ከተማ ነው። አራቱም ቅኝቶች አምስት አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። ልዩነቱ በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። በትዝታ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ድምፅ የሚወስደው እርምጃ ሙሉ ነው፤ በአምባሰል ግን ግማሽ ብቻ ነው። ሁለቱ ድምፆች በጣም ስለሚቀራረቡ ዘፋኙ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ሊነካው ፈልጎ እጁን እንደሚሰበስብ ሰው ይሆናል። አምባሰልን የሰማ ሁሉ ሆዱን የሚያባባው ከዚህች ግማሽ እርምጃ የተነሣ ነው። ሸክላ አሳታሚዎቹ በአዲስ አበባ ሲሆኑ፣ ከበሮው ከአሜሪካ፣ ማተሚያው ከሕንድ ሲሆን፣ ይህች ግማሽ እርምጃ የመጣችው ግን ከእኛ መንገድ ዳር ነው።

ስለዚህ በክርክሩ ጊዜ፣ «ወሎ ቅኝቱን ለሁሉ አበድራ ለራሷ ሸክላ አልተረፋትም» እያልን እናማርር ነበር። ይህ ግን ካለማወቃችን የመጣ ስሕተት ነበር። የወልድያ ልጅ የሆነ፣ ያውም ከሁሉ የበለጠ የፈንክ ዘፋኝ ነበረን፤ እርሱም አያሌው መስፍን ነው። (በዕድሜ አባታችን የሚሆነውን ሰው «እርሱ» ማለታችን ድፍረት እንዳይመስል፤ ሰው የወደደውን ዘፋኝ አንቱ አይለውም።)

አያሌው «ጥቁር አንበሳ» የሚባል ባንድ ነበረው፤ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሁለት ደርዘን የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። በነዚህ ሸክላዎች ላይ ቤዝ ጊታሩ እንደ ሎሌ ከኋላ አይከተልም፤ ከፊት ይሄዳል። ጊታሩ በእግር በሚረገጥ መሣሪያ እየተጠመዘዘ ሰው የሚናገር ይመስላል። ድራሙ አንድ ጊዜ የጄምስ ብራውን አገር ምት ይይዝና፣ ሳይታሰብ ወደ ችክችካው ይመለሳል፤ እስክስታ የሚወርድ ትከሻም፣ የከተማ ዳንስ የለመደ እግርም ሁለቱም ሥራ አያጡም። ከዚህ ሁሉ በላይ ድምፁ አለ። የአያሌው ድምፅ በረዥሙ ተይዞ ይንቀጠቀጣል፤ የወሎ እንጉርጉሮና የመንዙማ አገር ሰው መሆኑን በዚያ መንቀጥቀጥ ውስጥ እንሰማለን። ምናልባት የአገር ልጅነት አድሎ ይዞን ይሆናል፤ አድሎአችንን ግን አንደብቅም።

እነዚህ ሸክላዎች የወጡበትን ዘመን ሳናነሣ ብንቀር ግን ለአንባቢ የተሟላ ነገር አልሰጠንም። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኀብ ላይ ነበር። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው በዚሁ መንገድ ዳር ሰው ምግብ ፍለጋ ወጥቶ ይወድቅ ነበር። መንግሥት ነገሩን ሸፈነው። በዚያን ጊዜ ወደ ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው ለአዲስ አበባ ያሳዩት የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ለዓለም አሳየው። በዚያው ሰሞን፣ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት፣ ታላቁ የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ መጥቶ ተጫወተ፤ ከንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ተቀበለ፤ ሙላቱም አብሮት ነበር። ኤሊንግተን በዚህ ጥፋተኛ አይደለም፤ ሙላቱም አይደለም። ነገር ግን አንዱን ገጽ ያወቀ ሌላውንም ገጽ ማወቅ አለበት፤ ሸክላም እንኳ ሁለት ገጽ አለው። በዚያ ረኀብ ያለቀው ሕዝብ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። በ1967 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግ ሰዓት እላፊ ዐወጀ፤ የምሽት ክበብ ያለ ምሽት ሊኖር አይችልምና ተዳከመ። አምሃ እሸቴ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። አያሌው ታሰረ፤ ከታሰረም በኋላ ለብዙ ዓመታት በሙዚቃው እንዳይሠራ ተከለከለ። ካሴት መጣና ሸክላን ከገበያ አስወጣው። ካሴት ርካሽ ነው፤ ለመቅዳትም ቀላል ነው፤ እኛም በልጅነታችን የደረስነው በካሴቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ልናማው አንችልም።

አሁን የእኛን መከራከሪያ እናቅርብ። እኛ የመረጥነው ዓመት እ.ኤ.አ. 2018 ነበር። ጓደኞቻችን ሳቁ። በዚያ ዓመት ግን ሁለት ሸክላዎች ወጡ። አንደኛው የኃይሉ መርጊያ «ላላ በሉ» ነው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ በአየር ማረፊያው ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ በባሕር ዳር ከተማ ከአንድ ሱቅ የ1985 ካሴቱን አገኘና በ2013 እንደገና ቢያወጣው ዓለም ሰማው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው አዲስ ሥራ «ላላ በሉ» ነው። የመጀመሪያው ዜማ ትዝታ ነው፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ አኮርዲዮኑ እንደሚያዛጋ ሽማግሌ በዝግታ ተነሥቶ፣ መሐል ላይ ኮቱን አውልቆ ይጨፍራል።

ሁለተኛው፣ የአያሌው መስፍን «ሀሳቤ» ነው። ናው አጌይን የሚባለው የሎስ አንጀለስ አሳታሚ የአያሌውን የ1970ዎቹ ሥራዎች ሰብስቦ፣ በትልቅ ሸክላ፣ ከአገር ውጭ አወጣቸው። ከዚያም ሌሎች ተከታትለው ወጡ። የታሪክ ተማሪው፣ «ዘፈኖቹ የ2018 አይደሉም፤ ይህ ማጭበርበር ነው» አለን። እኛም፣ «ዘፈን የሚወለደው በተቀረጸበት ዓመት ሳይሆን ሰሚው ጆሮ በደረሰበት ዓመት ነው» ብለን መለስን። ይህ አነጋገር በመኝታ ክፍላችን ውስጥ እጅግ ተጨብጭቦለት ነበር። እኛም ለረዥም ጊዜ እውነት መስሎን ኖርን።

ወደ መርሳ እንምጣ። የቤታችን ሬዲዮ ቢበላሽ እናታችን፣ «እኒያ ሽማግሌ ጋ ውሰደው» አሉን። ሬዲዮና ሰዓት የሚጠግኑ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለ ጠየቁን ጋሼ እያልን እንቀጥላለን። ሱቃቸው በሩ ጠባብ፣ ውስጡ በሽቦና በብረት የተሞላ ነው። ሬዲዮውን ሲፈቱ ጊዜ ለማሳለፍ ብለን ስልካችንን አውጥተን የአያሌውን ዘፈን ከፈትን። እውነቱን ለመናገር ልናስደንቃቸው ፈልገን ነው። «ጋሼ፣ ይህን የወልድያ ልጅ ያውቁታል? አሜሪካኖች በ2018 አወጡት» አልናቸው።

መፍቻውን አስቀመጡ። ጥቂት ሰሙ። ከዚያም አንድ ጣታቸውን አንሥተው ቆዩና፣ ዘፈኑ ወደ መካከሉ ሲደርስ ጣታቸውን በጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ መቱ። «እዚህ ጋ ይዘል ነበር» አሉ። «አልዘለለም። ይሄ የኔው አይደለም።»

ታሪኩን ያወቅነው ሬዲዮው ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ሦስት ጊዜ እስኪገጠም ድረስ ተቀምጠን ነው። ጋሼ በረኀቡ ጊዜ የእርዳታ እህል በሚጭን መኪና ላይ ረዳት ነበሩ። ከኮምቦልቻ ተነሥተው በደሴ፣ በመርሳ፣ በወልድያ እስከ ቆቦ ይመላለሱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ካጠራቀሙት ገንዘብ ደሴ ፒያሳ ገብተው አሮጌ ማጫወቻና ሦስት ሸክላ ገዙ፤ አንዱ የአያሌው ነበር። «የዚያን ቀን ከመኪናው ላይ ሁሉ በጭኔ ይዤው ነው የመጣሁት፤ ጉድጓድ ሲመታን እኔ ነኝ የምነሣው» አሉ።

«እቤት ሲደርሱ ምን አሉ ታዲያ? ሰፈሩ ተሰበሰበ?» ብለን ጠየቅን።

«የት ይሰበሰባል ልጄ» አሉ። «በስተቀኝ ያሉት ሁለት ልጆች ቀብረዋል። በስተግራ ያለችው ባሏን ቀብራለች። ከኛ ቤት እናቴ ወንድሟን ቀብራ ከል ለብሳለች። ሙት ዓመቱ እንኳ አልደረሰ። ለቅሶ ያለበት ሰፈር ላይ ማን ዘፈን ይከፍታል? በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስገባሁት።»

«እስከ መቼ?»

«ሰዉ እስኪያርስ። በሚቀጥለው ማሽላው ደርሶ፣ ጎረቤቴ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ እሷ ናት የመጣችው። ‹አንተ ልጅ፣ ያ ዕቃ ይበላሻል፤ አውጣው› አለችኝ። እሷ ስትፈቅድልኝ ከፈትኩት። ሰውም መጣ። በዚያ ግርግር አንዱ ክንዱን ነካው፤ መርፌው ጫረው፤ ከዚያ ወዲህ እዚህች ቦታ ላይ ይዘላል። እኛም ስንዘፍነው እየዘለልን ነው የምንዘፍነው።»

እንግዲህ በ2018 ወጣ ብለን የተከራከርንበት ዘፈን በመርሳ ከተማ፣ ከእኛ ቤት ሦስት መንደር ርቆ፣ አባታችን ሳይወለዱ ጀምሮ ነበር። ጋሼን የሸክላው ዓመት የትኛው ነው ብለን ጠየቅናቸው። ጥያቄው ትንሽ ሳይገርማቸው አልቀረም። «የገዛሁበት ነው የከፈትኩበት?» አሉና፣ መልሱን ሳይነግሩን ወደ ሬዲዮው ተመለሱ።

ሸክላዎቹ ቀስ በቀስ ሠላሳ ደርሰው ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ መርሳ ገብቶ እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ ሲቆይ ጋሼ ሸሽተው ገጠር ነበሩ። ተመልሰው ቤታቸውን ሲከፍቱ ቴሌቪዥኑ የለም፤ ፍራሹ የለም፤ የእህል ጎተራው ባዶ ነው። ሸክላዎቹን ግን የፈለጋቸው አልነበረም፤ መሬት ላይ ተበትነው ተረግጠዋል። አሥራ አንዱ ተርፈዋል። የአያሌው ከተረፉት አንዱ አይደለም። «ማጫወቻውንም ትተውልኛል፤ ከባድ ስለሆነ ይሆናል» ብለው ሣቁ።

ማጫወቻውን ከመደርደሪያው አውርደው አሳዩን። ንጹሕ ነው፤ ሞተሩ ይዞራል፤ መርፌው ግን ተሰብሮአል። በደሴም በወልድያም ጠይቀው አላገኙም። በስልካችን ያለው «ሀሳቤ» ሲሸጥ የሚሸጠው በዶላር ነው፤ በስልክ ለማዳመጥም የዳታ ጥቅል ይፈልጋል፤ በዚያች ቀን ደግሞ መረቡ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ ዘፈኑ መሐል ላይ ቆመ። ጋሼ ሲቆም ጊዜ ጣታቸውን አንሥተው፣ «ይሄማ ከኔው ይብሳል፤ የኔው ዘሎ ይቀጥላል» አሉ።

እንደዚህ ያለ ነገር ሲገጥመን እኛ የተማርን ሰዎች ወዲያው ሐሳብ እናመነጫለን። «ጋሼ፣ እነዚህን አሥራ አንዱን ሸክላዎች ወደ አዲስ አበባ ወስደን በኮምፒዩተር ብናስቀዳቸው?» አልናቸው። በቁጥር አንድ እያልን ጥቅሙን ዘረዘርን። እርሳቸውም በትዕግሥት ሰሙንና፣ «አብሽር ልጄ፤ እሱን ቆይተን እናየዋለን። አንተ መጀመሪያ መርፌዋን አምጣልኝ» አሉ። ከሲጋራ ወረቀት ቆርጠው የማጫወቻውን ስምና ቁጥር፣ የመርፌውንም ቅርጽ በእርሳስ ሣሉበት።

ከተመለስን ወዲህ በሁለት ቅዳሜ መርካቶንና ፒያሳን ዞረናል። አንድ ነጋዴ ሥዕሉን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ካየ በኋላ፣ «ይሄ የስልክ ነው የምን?» ብሎ ጠየቀን። ሌላው፣ ሸምገል ያለው፣ ወዲያው አወቀው፤ ቆጥ ላይ የተጣለ አንድ ሣጥን እንዳለው አስታወሰና በሚቀጥለው ቅዳሜ እንድንመለስ ነገረን። ወረቀቷ አሁን በኪሳችን ናት፤ እርሳሱ እንዳይጠፋ ብለን በላዩ በእስክሪብቶ ደግመንበታል።